ሳልመዝን የጻፍኩት ቁጥር

ያን ቀን በወረቀቱ ላይ ያሰፈርኩት ጣቴ ያወቀውን ነው ወይስ ልቤ የፈራውን? ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አንዳንድ ቀን ጠዋት «ያወቅሽውን ነው የጻፍሽው» ብዬ ከቤቴ እወጣለሁ፤ ማታ ስመለስ «ፈርተሽ ነው» እላለሁ። ሁለቱንም ስል ከልቤ ነው። ሰው በአንድ ነገር ላይ ሁለት ጊዜ ከልቡ መሆን እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የተወለድኩት መንዝ ውስጥ፣ ቀየት አጠገብ ነው። አባቴ ባና ሠሪ ነበር። ባና ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን ወፍራም ልብስ ነው፤ የእኛን አገር ብርድ ከእሱ ሌላ የሚመልሰው የለም። እናቴና እኔ እንፈትላለን፣ አባቴ ይሸምናል። እጄ ለእንዝርት ስለተፈለገ ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ልጆቹ «እትዬ» ይሉኝ ነበር። አንዷ እንዲያውም መምህሯ መስያት እርሳሷን እንድቀርጽላት ሰጠችኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ስህተት ያመዋል። ሌላው ሰው «ወደዚያ ገደማ» ብሎ የሚያልፈውን እኔ ቁጥሩን ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

አሥረኛ ክፍል ስጨርስ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ውትድርና ገባሁ። የእጅ ጽሑፌን ዓይተው የጭነት አውሮፕላን ክፍል መዝጋቢ አደረጉኝ። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ሰውም ዕቃም፣ በኪሎ ይጻፋል፤ አብራሪው ያንን ወረቀት አይቶ ይነሳል ወይም አይነሳም። ወረቀቱ ከዋሸ ማንም አያውቅም፤ አውሮፕላኑ ግን ያውቃል፤ እንዲህ ይሉን ነበር አለቆቻችን። ሰባት ዓመት ሠርቼ አሥር አለቃ ሆንኩ። ከዚያ ተሰናብቼ ተጠባባቂ ሆንኩ፤ መሐል ሜዳ በምትገኝ ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም ተቀጠርኩ። መጻሕፍቱን በቁጥር እደረድራለሁ፤ ዝም ማለት የሥራዬ ግማሽ ነው፤ ተስማምቶኛል።

አርባ ዓመት ልደፍን ስል፣ በአንድ ክረምት፣ ቆላ ያለ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። የመንዝ ሰው ባና አዋጣ። ባናውን ይዘው ሄደው የሚያድሉ ሃያ አምስት ተጠባባቂዎች ተጠሩ፤ ትልልቆቹ በወጣትነታቸው ከጭነት አውሮፕላን ጋር የሠሩ ናቸው። እኔም ከእነሱ ሌላ፣ ጭነት መዝጋቢ ሆኜ ተጠራሁ። ከሁሉም መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ረቡዕ ዕለት፣ ፀሐይ በወጣችበት፣ መሐል ሜዳ ላይ ባናውን አስረን መዘንን። ሰማንያ እስር ሆነ፤ እያንዳንዱ አርባ ኪሎ። እኔው ራሴ ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብዬ አይቼዋለሁ። ከዚያ ባናው በጭነት መኪና፣ እኛ በአውቶቡስ ወረድን። ደብረ ብርሃን ላይ ዝናቡ ያዘን። መኪናው አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ደርሶ ሰማዩ እስኪከፈት ሁለት ቀን ዝናብ ላይ ቆመ። ሸራ ለብሶ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ከፈት አለ። «ፈጥናችሁ ጫኑ» ተባልን። እኔ ከአውሮፕላኑ የኋላ በር አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ አስቀምጬ ሰዎቹን መመዝገብ ጀመርኩ።

«ለበረሃ ሰው ባና!» አለ ደምሴ የሚባል ከዘመሮ የመጣ ቀልደኛ፣ እስሮቹን እያየ። «የመንዝ ሰው እኮ ሲኦል ቢወርድም ባናውን ተከናንቦ ነው።»

«ለአንተ አስቀድመን እንልክልሃለን» አለው ሌላው።

«ከውኃ የወጣ ሰው በረሃም ቢሆን ይንቀጠቀጣል» አሉ ጋሽ ኃይሉ። «አንተ ውኃ የምታውቀው በጠላ መልክ ነው።»

ጋሽ ኃይሉ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እሳቸውም ከዘመሮ ወገን ናቸው። በወጣትነታቸው አውሮፕላን ላይ ጭነት ያስሩ ነበር። ያን ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ጠረጴዛዬ ፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ልመዝግብዎት።»

«የለም፣ እነሱ ይቅደሙ። ልጆች ናቸው፤ ይቸኩላሉ።»

ወጣቶቹን አስቀደሙ። ከዚያ እኩዮቻቸው መጡ። «አንተ ቅደም።» «ኧረ በእግዜር፣ አንተ።» «አንተ እያለህማ አላደርገውም።» አገራችሁ መንዝ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ፤ በር ላይ የሚያቆመን፣ ምግብ የሚያቀዘቅዝብን ይሉኝታ ነው። ጋሽ ኃይሉ ሁሉንም አስቀደሙ፤ በመካከሉ ዝም ብለው አልቆሙም፣ እስሮቹን በትከሻቸው እየተሸከሙ ያስገቡ ነበር። ሃያ አራት ሰው ከጻፍኩ በኋላ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ። ሃያ አምስተኛ ሆኑ።

«ስም ከነአባት?»

«እያወቅሽው?»

«ደንብ ነው ጋሼ።»

ነገሩኝ። ጻፍኩ። አልሄዱም፤ ጠረጴዛው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆሙ።

«ልጄ እዚያ ናት» አሉኝ። «ብርቄ ትባላለች። ለእርሻ ሥራ ብላ ወርዳ ውኃው እዚያ አገኛት። ወባ ይዟታል ብለው ደወሉልኝ። ለጭነት ኃላፊው ለሃምሳ አለቃው ነግሬዋለሁ፤ ዛሬ አውሮፕላኗ ባዶዋን ስትመለስ ይዣት እመጣለሁ። ሐኪም ቤት አስገባታለሁ።»

«ያገኟታል ጋሼ» አልኳቸው። ሌላ ነገር ለማለት አልታደልኩም። ድሮም ለሰው የሚሆን ቃል ቶሎ አይመጣልኝም።

እስሮቹን ለመቁጠር ተነሳሁ። ቁጥሩ ሰማንያ ሆነ። ቆጥሬ ስጨርስ አንዱን እስር ሳላስበው በእጄ ነካሁት። ደረቅ ነው። ግን ጣቴን ገመዱ ሥር ባለው ክፍተት ወደ ውስጥ ሰደድኩት፤ የጣቴ ጀርባ ቀዘቀዘ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ያንን ሽታ አሥራ አራት ዓመት ቤታችን ውስጥ አሽትቼዋለሁ። አባቴ «ጠጉር ውኃ ጠጥቶ የጠማው መስሎ ይቀመጣል» ይል ነበር። ሌላ ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሦስተኛውም ቀዝቃዛ ነው። ስለ አራተኛው እርግጠኛ አልነበርኩም።

ወደ ጭነት ኃላፊው፣ ወደ ሃምሳ አለቃ በላይ ሄድኩ። ድሮ አብረን ስለሠራን በስም ነው የምንጠራራው።

«በላይ፣ ይህ ባና ውኃ ይዟል።»

«ሸራ ነበረው።»

«ሸራው ላይ ሁለት ቀን ዘንቦበታል። እስቲ ዳስሰው።»

ዳሰሰ። «ደረቅ ነው እኮ አስካለ።»

«ከላይ ነው ደረቁ። እጅህን ወደ ውስጥ ስደደው።»

ሰደደው። «ብርድ ነው፣ ጠዋት አይደል? የእኔም እጅ ቀዝቅዟል።»

«እንመዝነው።»

«በምን? ትልቁ ሚዛን ከተበላሸ ሳምንቱ ነው።» ወደ ሰማዩ አገጩን አነሳ። «ደመናው እየመጣ ነው። ወረቀትሽ አርባ ይላል፤ አርባ ጻፊና እንሂድ። አንቺ የመዘንሽው ነው፤ ማንም አይጠይቅሽም።»

እዚህ ላይ ነው ግራ የገባኝ። የመዘንኩት አርባ ነው፤ ያም እውነት ነው። የዳሰስኩት ከአርባ በላይ ነው፤ ያም እውነት ነው። ግን የዳሰስኩት ከሰማንያው አራቱን ብቻ ነው፤ ከአራቱም አንዱን አላውቀውም። በላይ እንዳለው ብርድ ቢሆንስ?

አብራሪው ሻምበል መጣ። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። «የምናርፍበት ሜዳ አጭር ነው፣ ደግሞ ጨቅይቷል። ዛሬ ተጨማሪ ኪሎ አልችልም። ስንት ነው ጭነቱ፣ አሥር አለቃ?»

አርባ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው «ሃምሳ» ነው።

«አርባ ነው አልተባለም?»

«ደረቅ ሳለ ነው አርባ የነበረው፣ ጌታዬ። ርሷል።»

«መዝነሽ ነው?»

«ሚዛን የለም። በእጄ ነው።»

እጄን አየ። ከዚያ «ጻፊው» አለ። ጻፍኩት። ጽሑፌ እንደ ወትሮው ያምር ነበር።

ሰማንያ እስር ላይ አሥር አሥር ኪሎ ሲጨመር ስምንት መቶ ኪሎ ነው። አንድ ሰው ከነጓዙ ሰማንያ ኪሎ ተብሎ ይያዛል። ሻምበሉ በወረቀት ማስላት አላስፈለገውም። «አሥር ሰው ይወርዳል» አለ።

«ከሰው ባናውን ብንቀንስስ?» አለ በላይ።

«የተላክነው ባና እንድናደርስ ነው። ሰው እሑድ በሚመጣው በረራ ይደርሳል። ከዝርዝሩ ግርጌ አሥሩ ይውረዱ።»

ዝርዝሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከአሥራ ስድስት ጀምሬ እስከ ሃያ አምስት። አንብቤ ስጨርስ የቀሩት እነማን መሰሏችሁ? ሰው ያስቀደሙት ናቸው። ከላይ የተጻፉት ወጣቶቹ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ትልልቆቹ ጓዛቸውን አንስተው አንድ በአንድ ወረዱ። ደምሴን «አንተ ውረድና ጋሽ ኃይሉ ይሂዱ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይወርድ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያኔ ግን ፈጽሞ አልታየኝም። ዝርዝር ዝርዝር ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሳቸውም አልጠየቁም። የመንዝ ሰው ለራሱ ቦታ አይለምንም።

«እሑድ ነው አይደል?» አሉኝ ብቻ።

«እሑድ ነው ጋሼ።»

«እንግዲህ ካገኘሻት አባትሽ እሑድ ይመጣል በያት። ሌላ ነገር አትንገሪያት፤ ትጨነቃለች።»

ተነሳን። ከጎን ባለው ወንበር ላይ ታስሬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በመረብ የታሰሩትን እስሮች እያየሁ ሄድኩ። አምስት ሰዓት ላይ አረፍን። ሲያርፍ ጎማው ጭቃውን ወደ መስኮቱ ረጨው፤ አውሮፕላኑ ትንሽ ወደ ጎን ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። የሜዳው ጫፍ ላይ ጎርፍ የቆፈረው ቦይ ነበር።

ስወርድ መጀመሪያ ያደረግሁት ከፊት ጎማው እስከ ቦዩ ያለውን በእርምጃ መቁጠር ነው። መቶ ሃያ እርምጃ ሆነ። ተመልሼ ሻምበሉን ጠየቅሁት።

«ጌታዬ፣ ቀርበን ነበር?»

«ምኑን?»

«ቦዩን።»

«ኧረ ሰፊ ቦታ ተርፎናል። አሥር ሰው ቢጨመርም የምንቆም ይመስለኛል።» ቅር ያሰኘኝ መስሎት ነው መሰል «ግን መጠንቀቅሽ ጥሩ ነው» ብሎ ጨመረበት።

በላይ ሰምቶ ኖሮ፣ ሻምበሉ ዞር ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አትስሚው። አብራሪ ካረፈ በኋላ ሁሉም ሰፊ ነው። አሥሩ ኖረው ቢሆን ዛሬ ቦዩ ውስጥ ነበርን። ጠዋት የተከራከርኩሽን እርሺው።»

ሁለቱም ሃያ ዓመት የሠሩ ሰዎች ናቸው። አንዱን ማመን አቃተኝ። መቶ ሃያ እርምጃ ብዙ ይሁን ትንሽ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ የማውቀውን ነገር ለማድረግ ወሰንኩ፦ እስሮቹን እየፈታሁ እርጥብ መሆናቸውን ላረጋግጥ።

«አውሮፕላኗ ስምንት ሰዓት ላይ ትመለሳለች» አለ በላይ። ሰምቻለሁ። ሦስት ሰዓት አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን እስር ፈታሁ። እስከ መካከሉ ደረቅ ነው።  ሁለተኛውን ፈታሁ፤ መካከለኛውን ባና ስጠመዝዘው ውኃ ጠብ ጠብ አለ። ሦስተኛው ደረቅ። አራተኛው ደረቅ። አምስተኛው እርጥብ። ደምሴ ሁለት ጊዜ መጥቶ «እትዬ አስካለ፣ ሰው ተሰልፏል፤ ልቀቂልን እንጂ» አለኝ። «ትንሽ ቆይ» አልኩት። አሥራ አንድ ፈታሁ። ስድስቱ እርጥብ፣ አምስቱ ደረቅ። የቀረውን ደምሴና ጓደኞቹ እየተሸከሙ ወስደው አደሉት፤ ልከለክል አልችልም፣ ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከአሥራ አንድ እስር ስለ ሰማንያ መናገር አይቻልም። ያን ሁሉ ለፍቼ ከመጀመሪያው የበለጠ አላወቅሁም።

የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አውሮፕላኑ ከላዬ አለፈ።

ብርቄ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው።

ያገኘኋት ሰዎች በተጠለሉበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ከማረፊያው ሩብ ሰዓት አያስኬድም። ጥቁር ሰሌዳው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። የአባቷ አገጭ አላት።

«ብርቄ ኃይሉ?»

«አቤት።»

«ከአባትሽ መልእክት ይዤ ነው። እሑድ ይመጣሉ።»

ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ግንባሯን ቋጠረች። «አውሮፕላን ዛሬ መጥቶ የለ? ለምን ከእናንተ ጋር አልመጣም?»

«ሞላ» አልኩ።

ሳቀች። «አባቴ እኮ ሰው ሳያስቀድም አያውቅም። ስንቱን አስቀድሞ ይሆን! እናቴ ‹አንተ ገነት በር ላይ ስታስቀድም በሩ ይዘጋብሃል› ትለው ነበር።»

የመጠለያው የጤና ባለሙያ ብርቄ መድኃኒት እንደጀመረች ነገረችኝ፤ «ትድናለች» አለችኝ። ያመጣሁላትን ባና ደረብኩላት። ቅዳሜ ተሽሏት ነበር፤ ጸጉሬን ጎንጉኝልኝ አለችኝና ጎነጎንኩላት። እሑድ ዘነበ። አውሮፕላን አልመጣም። ቀኑን ሙሉ በሩን ስታይ ዋለች። ሰኞ ጠዋት ትኩሳቷ ተመለሰ፤ የምትለውን እኔ አልሰማውም፣ እሷም እኔን የምትሰማኝ አይመስለኝም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፈች። እጇን ይዤ ነበር። እዚያው ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ካህን ጠርተን ቀበርናት።

አውሮፕላኑ የመጣው ረቡዕ ነው። በአገራችን መርዶ በወግ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጠዋት፣ ዘመድ ባለበት። ሽማግሌዎቹ ግን ሁሉም አውሮፕላኑ ውስጥ ናቸው፤ ወደዚያው የሚመጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ መርዶውን የተናገሩት ልጆቹ ናቸው። ያ ቀልደኛ ደምሴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ አሥራ አራቱን ከኋላው አሰልፎ፣ የኋላው በር ሥር ቆመ። ጋሽ ኃይሉ ከበሩ ብቅ ሲሉ አሰላለፉን አዩና ሁሉን ነገር አወቁ። ማንም አፉን ሳይከፍት በሩ ላይ ቁጭ አሉ።

 በማግሥቱ ጠርተውኝ «አብረሻት ነበርሽ አሉኝ። ጸጉሯንም ጎንጉነሽላታል። እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። «አሜን» ብዬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ በቀላሉ ልነግራችሁ አልችልም። ከውጭ ሲታይ ምንም የለም። መሐል ሜዳ ተመለስኩ፤ መጻሕፍቴን ደረደርኩ። ግን ልክ ነው የምለው ነገር አጣሁ። ድሮ ሰው «ይህ መጽሐፍ አለ?» ሲለኝ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ «የለም» እል ነበር፤ አሁን አለመኖሩን እያወቅሁ ተነስቼ መደርደሪያውን አያለሁ። ነገሩን ለብቻዬ ሳሰላስል እንዲህ እላለሁ፦ ባናው ከርሶ ከሆነ ሃያ ስምንት ነፍስ አድኛለሁ፤ ካልራሰ አንዲት ልጅ በከንቱ ሕይወቷን እንድታጣ አድርጌያለሁ። ግማሹ ርሶ ግማሹ ደረቅ ከሆነስ? እንደዚያም ነው የሆነው። ለግማሽ የሚሆን ፍርድ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም። እናንተ ስታነቡ «ምን ታድርግ፣ ሚዛን አልነበራትም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን የቁጥሩን ነገር ተዉልኝና፣ ስለ ሦስቱ ሰዓት ምን ትሉኛላችሁ? ለዚያ ሚዛን አያስፈልግም ነበር። ሩብ ሰዓት ሄጄ፣ ሩብ ሰዓት ደግፌ አምጥቼ አውሮፕላኑ ላይ ማሳፈር እችል ነበር። ትክክል መሆኔን ለማወቅ ስቸኩል ነው የቀረችው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዘመሮ ገበያ መውጣትም ተውኩ።

ባለፈው ጥቅምት፣ በአንድ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የቤተ መጻሕፍቱ በር ተከፈተ። ጋሽ ኃይሉ ናቸው። ለመሬት ጉዳይ ወረቀት ሊያወጡ መጥተው ቢሮው ለምሳ ተዘግቶባቸዋል።

«እዚህ ነሽ ለካ» አሉ። «እስከ ስምንት ሰዓት ልረፍ ብዬ ነው። አላስቸግርሽም።»

ወንበር ሰጠኋቸው። አንድ መጽሐፍ አንስተው ገለጡ፤ መነጽር አልያዙም ነበር፣ ሥዕሉን ያያሉ። ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ቁጭ ብዬ ሳያቸው ቆየሁና፣ እንዴት እንደጀመርኩ ሳላውቅ «ጋሼ፣ ያን ዓርብ ያወረድኩዎት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሻምበሉ ነው እንጂ።»

«ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳልመዝን። በእጄ ዳስሼ ርሷል አልኩ።»

መጽሐፉን ዘጉት። «ስንት ብለሽ ጻፍሽ?»

«ሃምሳ።»

መጽሐፉን ወደ ጎን አስቀመጡት። «እኔ እኮ እስሮቹን ተሸክሜያለሁ» አሉ። «ገና ሁለተኛውን ሳነሳ ትከሻዬ ነግሮኛል። ሃያ ዓመት ጭነት ያሰረ ሰው አርባ ኪሎና ሃምሳ ኪሎ አይለይም? ለበላይ ልነግረው ሄጄ ተመለስኩ። ከበደ ካልኩ ሰው ይወርዳል፤ ሰው ከወረደ እኔ እሆን ይሆናል ብዬ ዋጥኩት። ሌላው ቢያልቅ ይለቅ፣ እኔ ልጄ ጋ ልድረስ ብዬ። አየሽ? ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ። የቀረችብኝ በዚያ ነው ስል ነው የኖርኩት።»

ይህን ሲሉኝ እፎይ ማለት ነበረብኝ። ግን ያሉት እውነት ይሁን ወይስ አዝነውልኝ የፈጠሩት ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ሊሸከሙልኝ የፈለጉ መሰለኝ፤ ሰው ማስቀደም ልማዳቸው ነው። ዝም ብል በዚያው ያልቅ ነበር። 

«ሌላም አለ» አልኩ።

ስለ ሦስቱ ሰዓት ነገርኳቸው። አንድም ሳላስቀር፦ አውሮፕላኑ እንደቆየ፣ ትምህርት ቤቱ ሩብ ሰዓት እንደማይርቅ፣ እኔ አሥራ አንድ እስር ስፈታ እንደነበርኩ።

አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ሦስት ሰዓት» አሉ።

«ሦስት ሰዓት።»

ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። የሚወጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢወጡም አልፈርድባቸውም ነበር። በውጭ አንድ ሰው በግ እየነዳ አለፈ፤ እስኪጠፋ ድረስ ሲያዩት ቆዩ። ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ይቅርታ አላየሁም፤ ቁጣም አላየሁም።

«ያን ቅዳሜ» አሉ፣ «ጸጉሯን ስትጎነጉኚላት ምን ታወራ ነበር? ሁሉን ንገሪኝ። እንዳታሳጥሪ።»

ጀመርኩ። ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ እኔ የሰማሁትን አልረሳም። በመካከል «ቆይ፣ እሱን ድገሚው» ይሉኝ ነበር፤ እደግማለሁ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ቢሮው ተከፈተ። ሰዎች በመስኮቱ ሥር ወረቀታቸውን ይዘው ሲሄዱ ይታዩ ነበር። ጋሽ ኃይሉ አልተነሱም።